ጤፍን ይዞ አንድ ወር፦ ልጅን ቤት ውስጥ በአንድ ርዕስ ማስተማር

ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ወይም በሌላ ምክንያት ሲቋረጥ ብዙ ቤት የሚሞከረው አንድ ነገር ነው፤ መማሪያ መጽሐፉን ከገጽ አንድ ጀምሮ ማስደገም። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ያዛጋል፣ ወላጅ ይቆጣል፣ መጽሐፉ ተመልሶ ሣጥን ይገባል። ከዚያ የሚሻለው አንድ ነገር መርጦ ሦስት አራት ሳምንት ሳይንሱንም፣ ንባቡንም፣ ስሌቱንም ከዚያው መምዘዝ ነው። እዚህ የምናሳየው በጤፍ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ጤፍ የማይገባበት ቤት ማግኘት ይከብዳል፣ የሚገዛ ዕቃም አይበዛም። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ለሆኑ ልጆች የተሰናዳ ነው፤ ታናናሾቹ በመቁጠሩና በመዝራቱ አብረው ይገባሉ።

ርዕሱ ይጥበብ። «ግብርና» ወይም «ተፈጥሮ» ብሎ መጀመር የተለመደው ስህተት ነው። ልጅ ስለ ግብርና ምን ብሎ ይጠይቃል? ከመዳፉ ላይ ቅንጣቶቹ ሲንከባለሉበት ግን መጠየቁ አይቀርም።

የመጀመሪያውን ቀን ምንም አታስተምሩ። አንድ እፍኝ ጤፍ ሰፌድ ላይ አፍስሱ፣ ነጩንና ቀዩን ለየብቻ፣ ካለም ጥቂት ስንዴና በቆሎ አጠገቡ። ልጆቹ ይንኩ፣ ያሽትቱ፣ በጥርሳቸው ይሞክሩ። የሚጠይቁትን ሁሉ እንደ አወራራቸው ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። «ለምን እንዲህ አነሰ?» «ቀዩ ለምን ቀላ?» «እንጀራ ላይ ያለውን ዓይን ማን ቀዳደደው?» እዚህ ላይ ወላጅ ምላሱን መያዝ አለበት፤ መልሱ ወዲያው ከተነገረ ወሩ በአንድ ቀን አለቀ። በማግስቱ ጥያቄዎቹን ከልጆቹ ጋር በሦስት ክፈሉ፦ በእጅ የሚሞከር፣ ሰው የሚጠየቅ፣ ከመጽሐፍ የሚነበብ። የሚሞከረው ከበዛ ርዕሱ ጥሩ ነው፤ የሚነበበው ብቻ ከበዛ ሌላ ርዕስ ፈልጉ።

በቆርኪ መቁጠር

የለስላሳ ቆርኪ ጤፍ ሙሉና ከላይ በካርድ ጠርዝ ላጩት። ነጭ ጤፍ ከሆነ ጥቁር ወረቀት ላይ፣ ቀይ ከሆነ ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡት። በካርዱ ለሁለት እኩል ይከፈል፤ ግማሹ ወደ ጎን፣ የቀረው እንደገና ለሁለት። ይህ ስድስት ጊዜ ሲደጋገም የሚቀረው የቆርኪው አንድ ስልሳ አራተኛ ነው፤ መቶ ገደማ ቅንጣት ይሆናል። እሱን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጥሮ በ64 ማባዛት።

ሁለት ልጆች ለየብቻ ሲቆጥሩ ውጤቱ እጅግ ሊራራቅ ይችላል። አንዱ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል፤ በመክፈል ላይ የተሳቱ አሥር ቅንጣቶች በ64 ሲባዙ 640 ይሆናሉ። ሦስት ጊዜ ይቁጠሩና አማካዩን ይውሰዱ፤ አማካይ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በመስኮት ነፋስ ወይም በሳቅ መካከል ግን አትጀምሩ፤ ጤፉ ይበተናል።

ማነጻጸሪያው ይኸውላችሁ፦ አንድ ግራም ጤፍ 3,000 ገደማ ቅንጣት አለው። ኩንታል ላይ ስንት ሊሆን ነው? ልጆቹ ራሳቸው 300 ሚሊዮን ላይ ይድረሱ።

ሁለት መደብ

ከጓሮ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች አዘጋጁ። ሐምሌ አጋማሽ ጥሩ ጊዜ ነው። አፈሩ ይለስልስ፣ ከዚያ በእግር ይረገጥ። ገበሬው ማሳውን በከብት የሚያስረግጠው ዘሩ ጠልቆ እንዳይቀበርና እርጥበቱ ከላይ እንዲቆይ ነው፤ ይህንን ግን ልጆቹ ጎረቤት ገበሬ ጠይቀው ያምጡት።

አንደኛው መደብ ላይ ልጭ ቆርኪ ጤፍ፣ 2.5 ግራም ገደማ፣ ይበተን፤ ለሄክታር 25 ኪሎ ማለት ነው። ሁለተኛው ላይ የዚያ አንድ አምስተኛ ብቻ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በአምስት መስመር ይዘራ። ጤፍ ከጣት ስለሚያመልጥ ለመስመሩ ከአንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉት። አፈሩ ለስሙ ብቻ ይልበሰው፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ የተቀበረ ብዙው አይወጣም። ካልበቀለ መጀመሪያ ጥልቀቱን ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ ጉንዳንንና ዶሮን። ሌላው ችግር አረም ነው፤ የጤፍ ቡቃያና ሣር ለልጅ ዓይን አንድ ናቸው። በመስመር የተዘራው እዚህ ላይ ያግዛል፤ ከመስመር የወጣው ሣር ነው።

የዘሩን ስም መጠየቅ አትርሱ። ቁንጮ ከሆነ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ ነው። የጤፍን አበባ በማጉያ መነጽር ያየ ልጅ ማዳቀሉ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ይገባዋል።

ዓይኑን ማን ቀዳደደው?

ሦስት የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲኮች፣ ሦስት ፊኛዎች፣ ክርና ፕላስተር ያስፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ አንድ የሻይ ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት በአንድ ተኩል ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ይበጥበጥ። «ሀ» ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ ይጨመርበትና ምድጃ አጠገብ ይቀመጥ። «ለ» ያለ እርሾ እዚያው። «ሐ» ከእነ እርሾው ቀዝቃዛ ጥግ። ከ«ሀ» ጋር ሲነጻጸር እያንዳንዱ በአንድ ነገር ብቻ ይለያል፤ ሙከራ ማለት ይኸው ነው። የሊጡ ከፍታ በፕላስተር ምልክት ይደረግ፣ ፊኛው አፍ ላይ በክር ይታሰር፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለሦስት ቀን ይመዝገብ።

ፊኛው ካልተነፋ አስቀድማችሁ በአፍ ነፍታችሁ ስላላለሰለሳችሁት ሊሆን ይችላል። እጅ የሚያቃጥል ውሃም እርሾውን ይገድለዋል። ፕላስቲኩን በክዳኑ አጥብቆ መዝጋት ግን ክልክል ነው፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። «ለ» ዘግይቶ ኩፍ ቢል «ሙከራው ተበላሸ» አትበሉ፤ የሚያቦኩት ሕዋሳት ዱቄቱ ላይም አሉ፣ እርሾ የሚያደርገው ማፍጠን ነው። ፊኛውን የነፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምጣዱ ላይ ሽቅብ ሲያመልጥ ዓይን ይተዋል። አብሲት መጣሉና መጋገሩ የትልቅ ሰው ሥራ ይሁን፣ ልጅ ዓይኖቹ ሲከፈቱ ከአጠገብ ይይ።

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዘመድ ካለ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ሊጥ አስጀምሩና በስልክ ይወያዩ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ብርዱ ሊጡን ያዘገየዋል። ከዚያ ወደ ካርታ መሻገር ቀላል ነው፦ አንድ ሳንቲ ሜትር ለ100 ሜትር ይዞ ከካርቶን ደረጃ መሥራት። ጮቄ ከ40 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ደጀን ሥር ያለው የዓባይ በረሃ ወደ 10 ይወርዳል። የትኛው ደረጃ ላይ ገብስ፣ የትኛው ላይ ጤፍ፣ የትኛው ላይ ማሽላ እንደሚበቅል ልጆቹ እህሉን ራሱን ይለጥፉበት።

ለቋንቋው ብዙ አትድከሙ። «እንጀራ» ምግብ ያልሆነባቸውን አባባሎች ያሰባስቡ፦ የእንጀራ እናት፣ እንጀራ ፍለጋ ሄደ፣ እንጀራው ወጣለት። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ አገር ያደገ ልጅ ሰሙን ከወርቁ መለየት በዚህ ቢጀምር አያስደንቅም።

ሒሳብ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ክፍልፋይና ማባዛት ቅደም ተከተል አላቸው፤ ጤፍ አስታኮ እየዘለሉ አይማሩም። በየቀኑ 20 ደቂቃ መጽሐፉን ተከትሎ ሒሳብ ይሠራ፣ ቀሪው አንድ ሰዓት ተኩል ለርዕሱ ይሁን። ሁሉንም ነገር ከጤፍ ጋር በግድ ማሰር ልጁን በአሥረኛው ቀን ያሰለቸዋል። ግድግዳው ላይ አዲስ ጥያቄ ሳይጨመር አራት ቀን ካለፈ ርዕሱ አልቋል ማለት ነው፣ ሳምንቱ ባይሞላም ዝጉት።

መደቦቹ ግን ይቆያሉ። የትኛው ቀድሞ እንደጋሸበ፣ ማለትም አጎንብሶ እንደተኛ፣ በደብተር ይያዝ። ኅዳር ላይ ሁለቱም ታጭደው፣ ተወቅተው፣ በዚያው ቆርኪ ይሰፈሩ።