ከአሮጌው ግረብ ወደ ግረብ ሁለት ሲሻገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በየጽሕፈት አገልግሎት ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን የተጫነባቸው፣ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አሉ። ከእትም 9.10 ጀምሮ፣ ማለትም ከጥቅምት 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ወዲህ፣ ኡቡንቱ እንደ አዲስ ሲጫን ግረብ ሁለትን ይዞ ይመጣል፤ ግረብ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከተጫኑት ሥርዓቶች አንዱን የሚያስነሣ ፕሮግራም (ቡት ሎደር) ነው። ከቀድሞው እትም እየተሻሻሉ የመጡት ግን አሮጌው ግረብ እንዳለ ቀርቶባቸዋል። እነዚህን ወደ አዲሱ ሲያሻግሩ ኮምፒውተሩ አልነሳ ይላል፤ ባለቤቱም ሃርድ ዲስኩ የተቃጠለ ይመስለውና ሊጥለው ይነሣል። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ዲስኩ ሳይሆን ቅንብሩ ነው።

የተዘጋጀውን ፋይል በእጅ ማረም

ዋናው ስህተት ይህ ነው። በአሮጌው ግረብ ሜኑ ሊስት የሚባለውን ፋይል ከፍተን የፈለግነውን ጽፈን እንዘጋ ነበር፤ በቃ። በአዲሱ ግን ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚያነበው ግረብ ሲኤፍጂ የተባለው ፋይል ከሌሎች ፋይሎች ተፈብርኮ የሚወጣ ውጤት ነው። አናቱ ላይ «ይህን ፋይል አታርሙ» የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። እሱን ማረም ጨው የተረሳበትን ዳቦ ከተጋገረ በኋላ ጨው እንደ መነስነስ ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ አዲስ ኬርነል (የሥርዓቱ እምብርት) በተጫነ ዕለት ግን ፋይሉ እንደገና ይዘጋጅና ያረምነው ሁሉ ይጠፋል።

ትክክለኛው ቦታ ሁለት ነው። የመጠበቂያ ሰዓትንና ቀድሞ የሚነሣውን ሥርዓት የመሰሉ ምርጫዎች ኢቲሲ በሚባለው የቅንብር ማውጫ ውስጥ፣ ዲፎልት በሚባለው ማውጫ፣ ግረብ በሚለው ፋይል ይጻፋሉ። የራሳችንን ተጨማሪ ምርጫ ደግሞ በግረብ ዲ ማውጫ ውስጥ ባለው 40 ከስተም ፋይል እናስገባለን። ከዚያ «አፕዴት ግረብ» የሚለውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ ግድ ነው። ይህን የመጨረሻ እርምጃ ዘለው «አልሠራም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አሮጌው ሜኑ ሊስት ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ቢገኝም አዲሱ ግረብ አያነበውም።

ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ

ሁለቱም ግረቦች ዲስክን ከ0 ይቆጥራሉ። ፓርቲሽንን (የዲስኩን ክፍልፋይ) ግን አሮጌው ከ0፣ አዲሱ ከ1 ይቆጥራል። በሜኑ ሊስት «ኤችዲ 0፣ 0» ተብሎ የተጻፈው የመጀመሪያ ፓርቲሽን አሁን «ኤችዲ 0፣ 1» ነው። እንዳለ ከተገለበጠ ኮምፒውተሩ የሌለ ፓርቲሽን ይፈልጋል፤ ወይም የማይፈለገውን ይከፍታል። በዲስክ ቁጥር ፋንታ የፓርቲሽኑን ዩዩአይዲ (የራሱ ብቻ የሆነ መለያ) መጠቀም የተሻለ ነው። ፍላሽ ወይም ሌላ ዲስክ ሲሰካ የዲስክ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል፤ ዩዩአይዲ ግን አይለወጥም።

ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ሲጠፋ እንደገና መጫን

የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው፤ ሰነድና ፎቶግራፍ በከንቱ የሚጠፋበት ነውና። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ከወጣው ግረብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሥርዓቶችን የሚፈልገው ኦኤስ ፕሮበር ለጥንቃቄ ሲባል ከመነሻው ተዘግቷል። ዊንዶውስ አልጠፋም፤ አልተፈለገም እንጂ። በዲፎልቱ የግረብ ፋይል ውስጥ «ግረብ ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር» ለሚለው «ፎልስ» የሚል ዋጋ ይስጡና አፕዴት ግረብን ያስኪዱ።

ግረብን ፓርቲሽን ላይ መጫን

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም) ባላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ግረብን የሚጭነው ትእዛዝ፣ ግረብ ኢንስቶል፣ የሚሰጠው በዲስኩ ስም (ኤስዲኤ) ነው፤ በፓርቲሽኑ ስም (ኤስዲኤ 1) አይደለም። ዩኢኤፍአይ (የባዮስ ተተኪ) ባላቸው ላይ ደግሞ ለጥገና የምንጠቀምበት ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽም በዩኢኤፍአይ መነሣት አለበት።

መብራት ሳያስቡ መጀመር

በእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግረብ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለ መብራት የሚጸናበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽም አስቀድመው ያዘጋጁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ «ግረብ ሬስኪዩ» የሚል ጥቁር ገጽ ከመጣ አይደናገጡ። «ኤልኤስ» ብለው ፓርቲሽኖቹን ይዘርዝሩና ቡት ማውጫ ያለበትን ይለዩ፤ «ሩት» እና «ፕሪፊክስ» ወደዚያ እንዲያመለክቱ በ«ሴት» ትእዛዝ ያስተካክሉ፤ ቀጥሎ «ኢንስሞድ ኖርማል»፣ ከዚያ «ኖርማል» ይጻፉ። የምርጫ ዝርዝሩ ከመጣ ኡቡንቱን ያስነሡና ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ ግረብ ኢንስቶልንና አፕዴት ግረብን ያስኪዱ።