ልጃችሁን ይዛችሁ በር ላይ ስትቆሙ፦ የአካል ጉዳተኛ ልጅን መብት በአደባባይ እንዴት ማስከበር ይቻላል

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። በሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን በሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ምክንያት የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ሲሆን የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ነው። ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ለመግባት ታክሲ መጋፋት፣ ደረጃ መውጣትና የሰው ዓይን መቻል ግድ ይላል። የምጽፍላችሁን አብዛኛውን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

1. ሕጉን በአንድ ገጽ ያዙ

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የሕንፃ አዋጁም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ አሳትሙ። ሙሉውን አዋጅ ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ በር ላይ ቆሞ የሚያነብላችሁ የለም። ከወረቀቱ ጋር መለኪያ ሜትር ያዙ፣ ጥቅሙን ወደ መጨረሻው ታዩታላችሁ።

2 እና 3. ከልጁ ጋር ተስማሙ፣ ከዚያ ተናገሩ

እነዚህን ሁለቱን መለየት አይቻልም። እኔ ለይቼ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ልጄ ነው።

አንድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ወረፋ ላይ ተራችን ደረሰ። ረዳቱ ዊልቸሩን አይቶ «ይህ ዕቃ ቦታ ይይዛል፣ ሌላ ያዙ» አለን። ጮኽኩበት። ሰዉ ከበበን፣ ግማሹ ረዳቱን ተቆጣ፣ ግማሹ ለእኛ አለቀሰ፣ አንዲት እናት በልጄ ጭን ላይ አሥር ብር አስቀመጡ። ክርክሩን አሸንፌ ተሳፈርን። ዞር ብዬ ሳየው ልጄ አንገቱን ደፍቶ የዊልቸሩን ፍሬን ላስቲክ በአውራ ጣቱ ይፍቃል። ላስቲኩ ተልጦ ብረቱ ታይቷል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣም አለ። እኔ መብቱን ያስከበርኩ መስሎኝ በመቶ ሰው ፊት መነጋገሪያ አድርጌው ነበር።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት። ሰው ቢከለክለን ማን ይናገር? «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ምን እንመልስ? መናገር የማይችል ልጅም በዓይኑ፣ በእጁ ወይም በሥዕል ይመርጣል። ልጄ የመረጠው «እሱን ጠይቁት፣ ይመልስላችኋል» እንድል ነው። ቃሉ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ መታገሥ ያስፈልጋል፤ እኔም ጣልቃ ላለመግባት ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ስትናገሩ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ የምትፈልጉትንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ፦ «ወንድሜ፣ ዊልቸሩ ይታጠፋል፣ ከኋላ እናስቀምጠውና ልጁ እዚህ ይቀመጣል።» «ምነው ሰብአዊነት የላችሁም?» ማለት ተሟጋች እንጂ ተባባሪ አያመጣም። ምጽዋት ለሚሰጡ ትልልቅ ሰዎች «እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እኛ ግን የፈለግነው መንገድ ነው» እላለሁ። ብሩንም በሁለት እጄ እመልሳለሁ፤ ያስቀየምኳቸው የሉም።

የልጃችሁን መገፋት በስልክ ቀርጻችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ አትልቀቁ። መፍትሔው ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ አድጎ ያንን ምስል ያገኘዋል። ደረጃውንና በሩን ቅረጹ፣ ልጁን አትቅረጹ።

4. በቃል ያልተፈታውን በጽሑፍ አቅርቡ

ከዘበኛ ጋር አትከራከሩ፤ በሩን የሠራው እርሱ አይደለም። ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፉ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የሆነው ነገር፣ የምትጠይቁት። መዝገብ ቤት ስታስገቡ በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ሳታስደርጉ አትውጡ። የመጀመሪያ ማመልከቻዬን እንዲሁ ሰጥቼ ስመለስ «አልደረሰንም» ተባልኩ፤ ሁለት ወር እዚያ ላይ ጠፋ። «ሰው አለኝ፣ በስልክ ይጨርስልኛል» የሚለው አቋራጭም አይረባም፤ ሰውዬው ሲዛወር ጉዳያችሁም አብሮት ይሄዳል።

መልስ ካጣችሁ ወደ ወረዳው፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሂዱ። በደሉን ያደረሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። ሁለቱም አቤቱታ የሚቀበሉት ያለ ክፍያ ነው።

5. «ሠርተናል» ሲሏችሁ ለኩ

ልጄ የሚታከምበት አንድ ክሊኒክ መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ ነበረው። ከአራት ወር ደብዳቤ በኋላ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ተሠራ ተባልን። ስንደርስ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ እንኳን ልጅ ሊወጣበት፣ ውሃ ብቻ የሚወርድበት ቁልቁለት ነበር። በሰፊው የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፤ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። ሦስቱ ደረጃ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል። ይህን ሜትሬን ዘርግቼ ሳሳያቸው ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ጫፉን ያዙልኝ። ቦታ ስለጠበበ ግድግዳውን ተከትሎ እንዲዞር ተደረገ።

ሁለተኛው ራምፕ ሲያልቅ ሜትሩን የዘረጋው ልጄ ነበር። ለካና ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከዚያ እጄን ከዊልቸሩ ላይ አንስቶ ብቻውን ወጣ።