የከባድ መኪና ሞተር ንዝረትና ጩኸት በኮምፒውተር ሲሰላ

ሶፍትዌሩን ከመክፈትዎ በፊት የሚያሳድዱት የቱን እንደሆነ ይወስኑ፦ ወንበርና መሪ የሚያርገፈግፈውን መንቀጥቀጥ ወይስ ጆሮ የሚበሳውን ጩኸት? መንቀጥቀጡ ከ100 ኸርዝ (በሴኮንድ 100 ንዝረት) በታች ነው፤ የሞተሩ አካል የሚያወጣው ጩኸት በአብዛኛው ከ500 እስከ 3000 ኸርዝ ይገኛል። ሁለቱን በአንድ ሞዴል መያዝ ኮምፒውተሩን ያደክማል እንጂ መልሱን አያሻሽልም።

ባለ 6 ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ቀጥ ያለ ዲዝል እንውሰድ። በአንድ ዙር 3 ጊዜ ይተኩሳል። ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 600 ዙር ከዞረ ዋናው ንዝረት 600÷60×3፣ ማለትም 30 ኸርዝ ነው።

ለመንቀጥቀጡ ሞተሩንና ካምቢዮውን እንደማይታጠፍ አንድ ድፍን አካል ይቁጠሩ። ክብደቱ፣ የክብደቱ ማዕከል፣ ኢነርሺያው (መሽከርከርን የመቋቋም አቅሙ)፣ ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚይዙት ጎማዎች ቦታና ግትርነት ይበቃል፤ ስድስት የተፈጥሮ ድግግሞሾች (አካሉ ነቅነቅ ተደርጎ ሲለቀቅ በራሱ የሚወዛወዝባቸው) ያገኛሉ። ጎማው ንዝረቱን መቀነስ የሚጀምረው የተፈጥሮ ድግግሞሹ ከ30÷1.41፣ ከ21 ኸርዝ ግድም ሲወርድ ነው። በክራንክሻፍቱ ዙሪያ የሚወዛወዝበትን እስከ 15 ኸርዝ ማውረድ ይመረጣል። ብዙ ስሌት የሚበላሸው ግን በጎማው ነው፦ ቀስ ተብሎ ተጭኖ የተለካ ግትርነት ይገባል፣ ጎማ ደግሞ ሲንቀጠቀጥ ይደድራል። አቅራቢውን በ30 ኸርዝ የተለካውን ይጠይቁ። ስድስቱም ሲሊንደሮች እኩል ይተኩሳሉ ብለው ካሰሉ ደግሞ የ5 ኸርዟ ንዝረት ከውጤቱ ትጠፋለች (አንድ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ፣ 600÷60÷2)፤ አንድ ኢንጀክተር ሲደክም ካቢኑን የምታወዛውዘው እሷ ናት።

ለጩኸቱ ብሎኩን፣ ቴስታታውንና ክዳኖቹን በፋይናይት ኤለመንት፣ ማለትም አካሉን ኤለመንት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ በሚያሰላ ዘዴ፣ ይሥሩ። ባለ 4 ኖድ (የስሌት ነጥብ) ቴትራ፣ ባለ አራት ፊት ኤለመንት፣ ብረቱን ያለ ልክ ግትር ያደርገዋልና ባለ 10 ኖዱን ይምረጡ። በ2 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ ላይ የ3000 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለአንድ ሞገድ ቢያንስ 6 ኤለመንት ስለሚያስፈልግ የኤለመንቱ መጠን ከ13 ሚሊ ሜትር አይለፍ። በዘይት ቋቱ ውስጥ ያለውን ዘይትም ይቁጠሩ፤ ክብደቱ የቋቱን ድግግሞሽ ያወርዳል።

የሲሊንደር ግፊቱ በየ1 ዲግሪው የክራንክሻፍት ዙረት ከተለካ፣ በ600 ዙር በሴኮንድ 3600 ነጥብ ብቻ ይሰጣል፤ ልኬት የሚይዘው እስከ ነጥቦቹ ግማሽ ስለሆነ ከ1800 ኸርዝ በላይ ያለው ውጤት እርባና የለውም። በ0.2 ዲግሪ ያስለኩ።

በመጨረሻ የተገጣጠመውን ብሎክ በተንጠለጠለበት በመዶሻ ፈትነው የተፈጥሮ ድግግሞሾቹን ከስሌቱ ጋር ያወዳድሩ። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ መጀመሪያ ብሎኖቹን ይመልከቱ፦ በሞዴሉ የተጋጠሙትን ገጾች ሙሉ በሙሉ አጣብቀው ከሆነ፣ በየብሎኑ ዙሪያ ብቻ አያይዘው እንደገና ያስሉ።