ትል ያልሆነ ተቅማጥ፦ የውሻንና የድመትን ጃርዲያ እንዴት ማስመርመርና ማከም ይቻላል

የትል መድኃኒት በወቅቱ የወሰደ ቡችላ ወይም የድመት ግልገል ተቅማጡ አልቆም ካለው፣ ጃርዲያን ወይም ኮክሲዲያን መጠርጠር ተገቢ ነው። እነዚህ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተህዋስያን በመሆናቸው፣ በተለምዶ ለትል የሚሰጡት ፕራዚኳንቴልና ፓይራንቴል አይነኳቸውም። በጃርዲያ የታመመ እንስሳ ብዙ ጊዜ ሰገራው ለስላሳ፣ ንፍጥ የተቀላቀለበትና ክፉ ሽታ ያለው ሲሆን፣ እየበላም ሊከሳ ይችላል።

አስቸጋሪው ሥራ ናሙና መውሰድ ነው። ቡችላዬ በታመመ ጊዜ፣ ጠዋት ግቢ ውስጥ ያገኘሁትን ሰገራ በፌስታል ጠቅልዬ ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ወሰድኩና «ምንም አልታየም» ተባልኩ፤ እኔም ጥፋቱ የምግቡ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሩዝ ወደ ሥጋ፣ ከሥጋ ወደ ገንፎ ስለዋውጥ የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ድረስ ከሳ። ጃርዲያ ሲስት (ሽፋን የለበሰ፣ የማይንቀሳቀስ መልኩ) ሆኖ በሰገራ የሚወጣው በየቀኑ ሳይሆን አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ የአንድ ቀን ናሙና ነጻ መሆኑ እንስሳውን ነጻ አያሰኘውም።

ስለዚህ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት ናሙና ይውሰዱ። እንስሳው እንደተጸዳዳ፣ አፈር ያልነካውን የላይኛውን ክፍል አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል አንስተው ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ያኑሩና ቀኑን ይጻፉበት። ወዲያው ማድረስ ካልተቻለ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይግባ፣ ሲስቱን ያበላሸዋል። ተቅማጡ ቀጭን ከሆነ ሳይቀዘቅዝ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢደርስ ይመረጣል፤ ሲስት ያልሆነው፣ የሚዋኘው ጃርዲያ ቶሎ ይሞታልና። በሁለተኛው ዙር የላብራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያሳየኝ ይህንኑ ነበር፦ እንደ ረገፈ ቅጠል እየተገላበጠ ይሄድ የነበረው፣ አዮዲን ሲነካው ቀጥ ብሎ ቆመና ሁለቱ ኒውክሊየሶቹ እንደ ዓይን አፈጠጡብኝ። የድመት ናሙና ከሆነ ፍሪጁን ጨርሶ ቢተዉት ይሻላል፤ ጃርዲያን የሚመስለው ትሪትሪኮሞናስ የተባለ ሌላ ጥገኛ በቅዝቃዜ ይሞታል። ናሙናው በዚንክ ሰልፌት ውህድ ተበጥብጦ፣ ሲስቱ ወደ ላይ እንዲንሳፈፍ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ተሽከርክሮ እንዲመረመር መጠየቅም ነውር የለውም፤ በዚንክ ሰልፌት ፈንታ የስኳር ውህድ ከሆነ ሲስቱን ያጨማድደዋል።

መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪሙ ነው። ለጃርዲያ በብዛት የሚታዘዘው ፌንቤንዳዞል በኪሎ 50 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይሰጣል፤ ኮክሲዲያ ግን ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። ቡችላውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ፤ በግምት መስጠት አልወድም። ለሰው የተገዛ አልቤንዳዞል ቤት ውስጥ ቢኖርም አይስጡ፤ በውሻና በድመት የአጥንት መቅኔን ሊጎዳ ይችላል።

በመድኃኒቱ የመጨረሻ ቀን እንስሳውን፣ በተለይ የኋላ ክፍሉን፣ በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ ፀጉር ላይ የቀረ ሲስት ሲላስ ተመልሶ ይገባል። ሰገራውን በየቀኑ ያንሱ፤ ወለሉንና የውሻውን ቤት ካጠቡ በኋላ የፈላ ውሃ አፍስሰው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። በረኪና ቆሻሻው አስቀድሞ ከተነሣ ጃርዲያን ይገድላል፣ ኮክሲዲያን ግን አይደፍረውም፤ እኔ የማምነው የፈላ ውሃን ነው። መድኃኒቱ ካለቀ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ናሙናውን ደግመው ያስመርምሩ።