ሳይታረስ በሚዘራ በቆሎ ማሳ ላይ ሰርዶ በግላይፎሴት አልሞት ሲል

በራያ ቆቦ ሜዳ፣ ጤፍ የተነሣበትን ማሳ ሳናርስ በበልግ በቆሎ ለመዝራት ስንዘጋጅ፣ አስቀድመን የረጨነው ግላይፎሴት የተባለው የአረም ማጥፊያ መድኃኒት የሰርዶውን ጫፍ ብቻ አገርጥቶ ተወው፤ ሰርዶውም ብዙ ሳይቆይ ከሥሩ አቆጠቆጠ።

መጠኑን ከፍ አድርጎ መርጨት ወጪ ከመጨመር በቀር ለውጥ አላመጣም። ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ሌላው የአረም መድኃኒትም የሚያጠቃው ቅጠለ ሰፋፊ አረምን ስለሆነ ሰርዶውን አልነካውም።

መፍትሔው የተገኘው ከውሃው ነው። ግላይፎሴት ከሸክላ አፈር ቅንጣት ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ከጎርፍ ቦይ በተቀዳ ድፍርስ ውሃ ሲበጠበጥ ገና ቅጠሉ ላይ ሳያርፍ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ውሃውን በበርሜል አሳድረን፣ ከላይ የጠራውን ብቻ በነጠላ አጥልለን ባለ 16 ሊትሩን የጀርባ መርጫ ሞላን። መለኪያው ቀላል ነው፤ ባልዲ ውስጥ የተጣለ ሳንቲም ጥርት ብሎ ካልታየ ያ ውሃ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ሌላው ጉዳይ የከብት ነው። አዝመራ ከተነሣ በኋላ የተለቀቀ ከብት የጋጠው ሰርዶ መድኃኒቱን የሚቀበልበት ቅጠል ስለሌለው፣ ማሳውን ከልለን በደንብ እስኪያቆጠቁጥ ጠበቅን (ከርጭቱ ይልቅ የከበደው ጎረቤትን ማሳመኑ ነበር)። ከዚያም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ስንረጭ ሰርዶው ደረቀ። በቆሎው ከበቀለ በኋላ ግን ግላይፎሴት በቆሎውንም ስለሚገድል፣ ዘግይቶ የወጣውን አረም በእጅ አርመናል።