ሪሌው ጠቅ ሲል አርዱይኖው ሪሴት ካደረገባችሁ

የሮቶ ፓምፕ በአርዱይኖ (ፕሮግራም በሚደረግ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ) አውቶማቲክ ለምታደርጉ፣ ሪሌው (ቦርዱ ሲያዘው ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ብዙ ጊዜ ብቻውን ሲሞከር ጠቅ ጠቅ እያለ በደንብ ይሰራል፣ ፓምፑ ሲገናኝ ግን ቦርዱ ሪሴት ያደርጋል (እንደ አዲስ ይነሳል) ወይ ኤልሲዲው ላይ የማይነበብ ነገር ይመጣል። እባካችሁ ኮዱን መነካካት ተዉትና መጀመሪያ ፓምፑን ነቅላችሁ ሞክሩት፣ ችግሩ የት እንዳለ የሚለየው እዚህ ጋር ነው።

ፓምፑ ተነቅሎም ሪሴት ካደረገ ጣጣው ኮይሉ (ሪሌው ውስጥ ማግኔት የሚሆነው ጥቅልል ሽቦ) ላይ ነው። ያቺ ሰማያዊዋ ባለ 5 ቮልት ሪሌ ኮይሏ 70 ኦም አካባቢ ስለሆነ ወደ 70 ሚሊአምፔር ትስባለች፣ የአርዱይኖ ኡኖ ፒን ደግሞ ከ20 በላይ ባይጫንበት ይሻላል፣ 40 የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ስለዚህ በ2ኤን2222 ትራንዚስተር ንዱት፣ ቤዙ (ከፒኑ ትእዛዝ የሚቀበለው እግሩ) ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ኮይሉ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ ሰረዝ ያለበት ጫፉ ወደ ፕላስ ዞሮ። ዳዮዱን እንዳትዘሉት፣ ሪሌው ሲጠፋ ኮይሉ የሚመልሰው ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን ይበላዋል።

ፓምፑ ሲኖር ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ሲጠፋ፣ ጥፋተኛው ኮንታክቱ (ሪሌው ውስጥ የፓምፑን መብራት የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ብረት) ላይ የሚፈጠረው ብልጭታ ነው፣ እሱ የሚረጨው ኖይዝ በሽቦዎቹ አድርጎ ቦርዱ ውስጥ ይገባል። 100 ኦም ሬዚስተርና ኤክስ2 የተጻፈበት 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትላችሁ) አድርጋችሁ በኮንታክቱ ሁለት ጫፎች መካከል ግጠሙ፣ የ220ውን ሽቦ ከሴንሰር ሽቦ ጋር አንድ ላይ አትጠቅልሉ። ግን ይሄን ከገጠማችሁ በኋላ ሪሌው ጠፍቶም ወደ 7 ሚሊአምፔር ስለሚያልፍ ፓምፑን ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ፣ ይሄ የቀልድ አይደለም!!

ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር ክፍል) ያለው የሪሌ ሞጁል ከሆነ ጄዲ-ቪሲሲ (የኮይሉ ኃይል የሚገባበት ፒን) ላይ ያለችውን ጃምፐር ንቀሉና ለኮይሉ ሌላ 5 ቮልት ስጡት፣ የሁለቱን ግራውንድ ካገናኛችሁት ግን መለየቱ ዋጋ የለውም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሪሌው ለቅጽበት ጠቅ የሚል ከሆነ ፒኑ ገና ስራ ሳይጀምር ተንሳፍፎ (ሃይም ሎውም ሳይሆን) ነው፣ ከትራንዚስተሩ ቤዝ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ይበቃዋል። በሎው (ፒኑ 0 ቮልት ሲሆን) የሚበራ ሞጁል ከሆነ ኮዱ ላይ ፒንሞዱን አውትፑት ከማድረጋችሁ በፊት ሃይ ጻፉበት።

ፓምፑ አልጠፋም ብሎ ከቀረ ደግሞ ኮንታክቱ ተበይዷል። ሪሌው ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ለምጣድ አይነት ሎድ ነው፣ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ስለዚህ ሪሌው ኮንታክተር (ለሞተር የሚሆን ትልቅ ሪሌ) ይንዳ፣ ፓምፑን ኮንታክተሩ ይያዘው።