የኋላ ዲፈረንሻል ከማጠባችሁ በፊት መተንፈሻውን ፈልጉ

የቆየ አይሱዙ ወይም ሌላ የጭነት መኪና ያላችሁ፣ የኋላውን ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የማርሽ ክፍል) አጽድታችሁ ቀለም ልትቀቡ ካሰባችሁ መጀመሪያ መተንፈሻውን ፈልጉ። አክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት) አናት ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ነገር ናት። ብዙ ጊዜ በጭቃ ተደፍና ትገኛለች። እሷ ከተዘጋች ዘይቱ ሲግል ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን በፓራሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ በሚይዘው የጎማ ቀለበት) በኩል ይገፋዋል። ከዚያ ፍሬኑም ዘይት ጠጣ ማለት ነው። ሰው ፓራሊዮ ደጋግሞ ይቀይራል፣ ጉዱ ግን እዚህች ጋ ነው።

ስታጥቡ መተንፈሻዋን በፕላስተር ሸፍኗት። ቅባት ያዘለውን ጭቃ ፍቁት፤ የቀረውን በናፍታና በሽቦ ብሩሽ። ቤንዚን አይሞከርም፣ እሳት ነው። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹን ናፍታ አታስነኩ። ዝገቱ ሲለቅ አንቲራስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ እሱ ሲደርቅ ቀለም። መተንፈሻዋን ግን እንዳትቀቧት!

ዘይት ስትቀይሩ የመሙያውን ቡሎን ቀድማችሁ ፍቱ። እሱ እምቢ ካለ ባዶ ዲፈረንሻል ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። የወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ደቃቅ የብረት ዱቄት ያለ ነው፤ ስባሪ ካያችሁ ግን ሳታስከፍቱ እንዳትነዱት።